ከእጅ የማይቀበለው ሰው

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው ወንጌላዊው ከመዝሙረ ዳዊት እያነበበ ሳለ ነው። በድንኳኑ መሀል ሸራውን ተሸክሞ የቆመው የብረት ምሰሶ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ከላይ ጀምሮ ሽርርር እያለ ወረደና ታች ሲደርስ ጧ አለ። ከዚያ ዝም። ያኤል ያቀፈቻትን ልጇን ሣራን ወደ ደረቷ አስጠግታ ቀና አለች። ምሰሶውን የነካው ሰው የለም። ንፋስም የለም፤ ሸራው እንደተወጠረ ነው።

ወንጌላዊው ማንበቡን ቀጠለ። ጥግ ይዘው የተቀመጡት የእድር ሴቶችም ሹክሹክታቸውን አላቋረጡም። ከእሷ ሌላ የሰማ ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነበር፤ ምሰሶው ሥር ለብቻው የተቀመጠ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ጠና ያለ ሰው። ሰውየው ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኖ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ግንባሩ ጉልበቱን እስኪነካ ጎንብሷል። እንደዚያው ሆኖ ቆየ። የሚጠብቀው ነገር እንደማይመጣ ሲገባው እጆቹን አወረደ፣ ግራ ቀኙን አየና እንዳፈረ ሰው ቆቡን ማስተካከል ጀመረ።

ያኤል ይህን አጎነባበስ ታውቀዋለች። ዛሬ ቀትር ላይ ቀብረውት የተመለሱት አባቷ ዋቅቶላ ልክ እንደዚህ ነበር የሚሆነው። ጭልፋ ብረት ድስት ውስጥ ሲወድቅ፣ ጎረቤት ቆርቆሮ ሲጥል፣ ምግቡን ትቶ ጆሮውን ይደፍናል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይጎነበሳል። ልጆች ሳሉ እሷና ወንድሟ ኤልያቄም ጓሮ ገብተው እያስመሰሉት በሳቅ ይሞቱ ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

ለቅሶ ቤት ሰው የሚያለቅሰው በዓይኑ ነው፤ ጆሮው ግን ወሬ ላይ ነው። እትዬ ደራርቱ፣ የአጥሩ ተዋሳኝ፣ ፔርሙሱን ይዘው ቡና እየቀዱ ለአጠገባቸው ሴት ያንሾካሹካሉ። ቀስ ያሉ መስሏቸዋል።

«አያትየው እኮ አንድ ቀን አቅፈዋት አያውቁም። የልጅ ልጃቸውን!»

«ምን አድርጋ?»

«እሷ ምን ታድርግ፣ ሕፃን። የአባቷ ነገር ነዋ። ሃሩን ነው ስሙ። በቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳን የለ፣ ምን የለ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙና ተጋቡ። ጋሽ ዋቄ ደግሞ የጸሎት ሰው…»

ያኤል ሰምታለች። አልተቆጣችም፤ ምክንያቱም እሷም የምታምነው ይህንኑ ነው። ሙት ወቃሽ ላለመሆን ጥርሷን ነክሳ ከመቃብር ተመልሳለች እንጂ፣ ልቧ ውስጥ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። አባቷ ልጇን ጠልቷት ነው የሞተው ወይስ አይደለም? ይህን የሚመልስላት ሰው ደግሞ በሀና ማርያም አፈር ሥር ገብቷል።

*

ዋቅቶላ ከእጅ አይቀበልም ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ባዶ እጅ ይጨብጣል፣ ሞቅ አድርጎ ይጨብጣል፤ የያዘ እጅ ግን አይነካም። ጨው አቀብለኝ ብትለው ጨዋታውን ሳያቋርጥ ጠረጴዛው ላይ ወደ አንተ ይገፋዋል። ብርጭቆ ብትዘረጋለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ «እዚያ አስቀምጥልኝ» ይላል፤ ካስቀመጥክ በኋላ ያነሳዋል። አንዳንዱ ኩራት ነው አለ፣ አንዳንዱ በሽታን ይፈራል አለ። ሚስቱ ውብነሽ ምክንያቱን ጠይቃው አታውቅም፤ ጠይቃውም ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን ነገር በምላስ ማውጣት እንደማትችል ገና በሙሽርነቷ ገብቷት ነበር። እንዲያውም ቤተሰቡ በሙሉ ለምዶት፣ እናትና ልጅም ወንድምና እህትም እርስ በርስ መቀባበል ትተዋል። ዳቦውን ታስቀምጣለህ፣ ሌላው ያነሳል። እንግዳ ሲመጣ ነው ቤታቸው ከሰው ቤት እንደሚለይ ትዝ የሚላቸው።

ሌላም ነገር ነበረው። የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ እሱ ነበርና የድንኳኑን ብረቶች ሁሉ አፍ በጨርቅ ይወትፋል። ክፍት የብረት አፍ ማየት አይወድም። የእድሩ ልጆች «የጋሽ ዋቄ ብረቶች ብርድ ይመታቸዋል» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅና ነገ ተመልሶ ይወትፋል። እሱ ሲሞት ድንኳኑን የተከሉት ልጆች ጨርቆቹን አንድ በአንድ እየጎተቱ አውጥተው በግቢው ጥግ፣ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ከመሯቸው። ጨርቅ ምን ያደርጋል ብለው ነው። ጥፋት ነው እንዳይባል ጥፋት አይደለም።

ያኤል ሣራን የወለደች ሰሞን ግን የአባቷ ጠባይ ጠባይ ብቻ አልመስል አላት። ለቡ ከሚገኘው ቤቷ ሕፃኗን ይዛ ስትመጣ ዋቅቶላ ፊቱ በርቶ ይነሳል። አልጋ ላይ ሲያስተኟት አጠገቧ ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ያያታል። ትንፋሽዋን የሚሰማ ይመስላል። ግን አያነሳትም። ጣቱን እንኳን አያሲዛትም።

አንድ ቀን በዚሁ ግቢ ያኤል ጨከነች። ሕፃኗን በሁለት እጇ ወደ አባቷ ደረት ዘረጋቻት።

«አባዬ፣ እንካ ያዛት።»

«እዚያ አስተኚያት ልጄ።»

«ዕቃ አይደለችም። ያዛት።»

የዋቅቶላ እጆች ከኋላው ወጡ። ያኤል ይህን በደንብ ታስታውሳለች፤ እጆቹ መጥተው ነበር። መዳፎቹን ክብ አድርጎ ወደ ሕፃኗ አቀረባቸው። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና ግድግዳውን ተደገፈ። ሣራ ከእናቷ እጅ ልታመልጥ ለጥቂት ተረፈች። ያኤልም ምርር ብላ «የሃሩን ልጅ ስለሆነች ነው አይደል?» አለችው። አባቷ እጆቹን መልሶ ወደ ኋላ አጣመረ። እሷም ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እግሯ ይህን ግቢ የረገጠው ለለቅሶው ነው።

*

በማግስቱ ሰውየው ተመልሶ መጣ፤ እዚያው ምሰሶ ሥር ተቀመጠ። የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። እሱ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ከተቀመጠ አይነሳም። አንድ ጆሮውን ወደ ብረቱ ያዘነበለ ይመስላል።

ኤልያቄም እህቱን ወደ ጎን ሳባት። «የሃሩን ዘመድ ነው እንዴ?»

«ሃሩንን በስልክ ጠይቄው ነበር፣ አላውቀውም አለኝ። እሱ ገና ከጅቡቲ መንገድ አልተመለሰም።»

«ታዲያ ማነው? እማዬም አታውቀውም።»

ውብነሽ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ስትሰማቸው ኖሯል። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። «እኔ የማላውቀው እሱን ብቻ ነው?» አለች። «አባታችሁ ሐሙስ ቀን የክት ልብሱን ለብሶ የት ሊሄድ እንደነበር ማን ያውቃል? ሙሉ ልብሱን፣ ለሠርግ የሚለብሰውን። ጫማውን አስጠርጎ። ‹ዋቄ የት ነው?› ስለው ‹እመለሳለሁ› ነው ያለኝ። ከዚያ የለቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ ወደቀ ብለው መጡ። ለቡ ምን ሊሠራ?»

ለቡ ያለችው ያኤል ናት። ግን አባቷ ቤቷን ረግጦት አያውቅም፤ ከዚያ ጥል በኋላማ ደውሎላትም አያውቅም። ግፊት እንደ ጣለው ሐኪሙ ተናግሯል፤ የት ሲሄድ እንደ ጣለው ግን ሐኪም አይጠየቅም።

ከግቢው ማዶ አዲስ ለሚሠራው ሕንፃ ቋጥኝ የሚሰባብር ማሽን ከጠዋት ጀምሮ ይንጣጣል። ለቀስተኛው ሁሉ ተማሮበታል። ድድድድድድ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ድድድድ ይላል። ያኤል ሣራን አዝላ ለሰዎች ሻይ ስታዞር አንድ ነገር ልብ አለች። ሰውየው ማሽኑ ሲጮህ ትከሻው ዘና ይላል። ማሽኑ ዝም ሲል ነው የሚጨነቀው። ዓይኖቹን ጨፍኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚጸልይ ወይም የሚቆጥር ይመስላል።

ማሽኑ ዝም አለ። ድንኳኑም በአጋጣሚ ፀጥ ባለበት ሰዓት ነበር። እና ከላይ፣ ከሸራው ጫፍ፣ ያ ነገር እንደገና በምሰሶው ውስጥ ሽርርር ብሎ ወረደ። ጧ። ሰውየው ጎነበሰ፤ ያኤልም ምክንያቱን ሳታውቅ ጎነበሰች። አንድ ነገር መፈንዳት ነበረበት፤ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ብቻ መፈንዳት ነበረበት። አልፈነዳም። ያ ያልመጣ ድምፅ ከመጣው ይልቅ አስፈራት።

ስትረጋጋ ሻዩን ይዛ ቀረበችው። ብርጭቆውን ዘረጋችለት። ሰውየው ብርጭቆውን ሳይሆን እጇን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሁለት መዳፎቹን ከሥር አስገብቶ፣ እሳት የሚቀበል ይመስል ቀስ አድርጎ፣ ተቀበላት።

«እጅሽ የሱ ነው» አለ።

«አባቴን ያውቁታል?»

«ሰዒድ እባላለሁ። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ዱቄትና ስኳር እሸጣለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት በሱቄ በር ሲያልፍ አየዋለሁ። እሱም ያየኛል።» ሻዩን አልጠጣውም። «እንቆማለን፣ ከማዶና ከማዶ፣ እጅ እንነሳለን፤ ከዚያ በየፊናችን። መንገዱን ተሻግረን አናውቅም ነበር።»

«ተጣልታችሁ?»

«አይ ልጄ። ወላሂ እንደሱ የምወደው ሰው የለም።» ወደ ምሰሶው አየ። «አንቺም ትሰሚዋለሽ አይደል?»

ያኤል ሣራን ያዘለችበትን አንቀልባ አጥብቃ ያዘች። «እሰማዋለሁ።»

«እንግዲያስ ልነግርሽ ነው። እዚህ ግን አይሆንም። ነገ።»

*

ነገ እሑድ ነበር፣ ሠልስቱ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ወጣቶች ዘምረው ከተበተኑ በኋላ ሰዒድ ያኤልን ከአጥሩ ሥር፣ የዋቅቶላ ዕቃ ቤት በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጣት። የጨርቁ ክምር እግራቸው ሥር ነው። ሣራ በእናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ማሽኑ ከማዶ ይንጣጣል።

«አባትሽ ወታደር እንደነበር ታውቂያለሽ» አለ ሰዒድ።

«ከኔ መወለድ በፊት። ድንበር ላይ። ሌላ ነገር አልነገረንም።»

«ሞርታር ላይ ነበርን። ሦስት ነን። ቅንቡላውን ከሳጥን አውጥቶ የሚያቀብል ኢሉ፣ በቧንቧው አፍ የሚጨምር ዋቄ፣ እኔ ደግሞ ቧንቧውን የምይዝ። ቅንቡላው በአፉ ይገባል፣ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፣ ታች ሲነካ ይተኮሳል። ሌላ ምላጭ የለውም። ስለዚህ ስትጨምሪ ጆሮሽን ደፍነሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ትጎነበሻለሽ፤ አለበለዚያ ጆሮሽ ይሄዳል። የኔ አንደኛው ሄዷል።»

ማሽኑ ዝም አለ። ሁለቱም ጠበቁ። ምሰሶውም ዝም አለ።

«ከፊታችን ምሽግ ውስጥ መትረየስ ነበረን» ሲል ቀጠለ። «እሱ ሲጮህ ደህና ነን፤ ጠላት ቀና አይልም። ዝም ሲል ነው የምንፈራው። በርሜሉ ይግላል፣ መቀየር አለበት፤ ያችን ክፍተት የምንሞላት እኛ ነን። የዚያን ቀን ይዘንባል፣ መሬቱ ጭቃ ነው። መትረየሱ ዝም አለ። ዋቄ ጨመረ። ሽርርር አለ፣ ጧ አለ። ከዚያ ዝም።»

ያኤል ቀና ብላ ምሰሶውን አየች።

«ሳይተኩስ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ትጠብቂያለሽ፣ ብዙ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ አንዱ ቧንቧውን ከሥሩ ነቅሎ ቂጡን ቀስ አድርጎ ያነሳዋል፤ ሌላው አፉ ጋ ቆሞ መዳፉን ዙሪያውን ክብ ያደርጋል፤ ቅንቡላው ሲመጣ ይቀበለዋል። ያነሳሁት እኔ ነኝ። የተቀበለው አባትሽ። ንቅንቅ አላለም። የተቀበለ ሰው ራሱ ወስዶ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም፤ የተማርነው እንደሱ ነው። ግን ከታች የመትረየሱ ልጅ እየጮኸ ይለምናል፣ ድረሱልኝ ይላል፤ ሌላ ቅንቡላ መጨመር ያለበት ዋቄ ነው። ኢሉ ሁለት እጁን ዘረጋና ‹አምጣው ወንድሜ› አለው። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ዋቄም ሰጠው።»

አጥሩ ላይ የነበረች ርግብ ተነስታ በረረች።

«ኢሉ ትንሽ ሄደ። ቁልቁለት ነው። እግሩ ተንሸራተተ፣ ቅንቡላው አመለጠው።»

ያኤል የአባቷን እጆች በሐሳቧ አየቻቸው፤ ወደ ኋላ የተጣመሩትን፣ ባዶ እጅ ብቻ የሚጨብጡትን።

«ጥፋቱ የማንም አይደለም» አለ ሰዒድ። «እሱ ግን ‹የኔ ድርሻ ነበር፣ አቀበልኩት› ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ የዘረጋለት ሰው ሁሉ ኢሉን ይሆንበታል። እኔን ሲያይማ ያንን ቀን ያያል፤ እኔም እንደዚያው። ለዚህ ነው መንገዱን ያልተሻገርነው።»

«ታዲያ ልጄን…» አለች ያኤል። «ልጄን እንቢ ያለው…»

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት። በቅርቡ ተሻገረ። ሱቄ ገባ። ‹ሰዒድ፣ የልጅ ልጅ አለችኝ› አለኝ። ‹እናቷ ስትሰጠኝ ኢሉ ቆሞ አየሁት። ልጥላት ነበር። ልጅቷን በአባቷ ምክንያት የጠላኋት መስሏታል። እጄን አስተካክልልኝ› አለኝ።» ሰዒድ በቆቡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «እኔ ምን አውቃለሁ? ሐኪም አይደለሁ፣ ሼህ አይደለሁ። በላስቲክ የታሸገ ስኳር አለኝ። ሰው በሌለበት ከሱቁ ጀርባ እየገባን፣ እኔ በሁለት እጄ እዘረጋለሁ፣ እሱ ይቀበላል። አልቻለም። ይመጣል፣ እጁ ይቀርባል፣ ያልበዋል፣ ‹መሬት አድርገው› ይለኛል። ይሄዳል። ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ስንት ስኳር እንደፈሰሰብኝ አትጠይቂኝ።»

ያኤል እንባዋ እየወረደ ሳቅ አመለጣት።

«ሐሙስ ጠዋት መጣ። ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ። ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆመ። ‹አልወደቀችም› አለኝ። አስተውይ፣ አልወደቀችም ነው ያለው፣ ስኳሩን። ከዚያ ‹ልብሴን ለውጬ ለቡ ልሂድ፤ ዛሬ ከእናቷ እጅ እቀበላታለሁ› ብሎ ወጣ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ያኤል እስካሁን ያላለቀሰችውን ሁሉ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አለቀሰችው። የለቡን ታክሲ ሰልፍ አየችው፤ አባቷ በሠርግ ልብሱ፣ በተጠረገ ጫማው፣ ሁለት እጆቹን ከፊቱ አድርጎ ተራውን ሲጠብቅ።

ኤልያቄም ከግቢው በር ገብቶ ወደ እነሱ መጣ፤ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ያንን ማሽን አስቁሙልን ልል ሄጄ ነበር» አለ። «ተዘግቷል። ዘበኛው ዛሬ እሑድ ነው ይላል። ማሽኑንም ትናንት ማታ ጭነው ወስደውታል።»

ሦስቱም ጆሮ ሰጡ። ከማዶ ድድድድድድ ይላል። ደግሞ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ ዝም አለ።

*

የእድሩ ልጆች ድንኳኑን ለማፍረስ ገመዱን ፈቱ፣ ሸራውን አወረዱ። ውብነሽ የቀሩትን ሴቶች እየሸኘች ነው። የመሀሉ ምሰሶ ብቻውን ሰማይ ሥር ቆሞ ቀረ። ሁለት ልጆች ከጉድጓዱ ነቅለው ሊያጋድሙት ገና ዘንበል ሲያደርጉት፣ ውስጡ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አሁን የሰሙት ሁሉም ናቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምንድነው የገባበት?» አለ አንዱ።

«ያዙት» አለ ሰዒድ። ጮክ አላለም፤ ግን ልጆቹ ባሉበት ቆሙ። ሰዒድ መንገዱን እየጠረገ ሄደና በብየዳ የተደፈነውን የምሰሶውን ቂጥ ተቀበላቸው። ምሰሶውን እግሩ ጋ አሳረፈው። እድሜው የት እንደሄደ እንጃ፣ ጀርባው ቀጥ ብሏል። «ቀስ ብሎ ነው የሚነሳ። አንድ ሰው አፉ ጋ ይቁምልኝ።»

የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ልጆቹ ፈገግ ለማለት ሞከሩና ተዉት። ያኤል ሣራን አግዳሚው ላይ አስተኛቻት፤ እናቷ ውብነሽ መጥታ አነሳቻት፤ የቤቱ ልማድ እንደዚያ ነው። ያኤል ወደ ምሰሶው አፍ ሄደች።

«መዳፍሽን ዙሪያውን። እንደሱ። ጣትሽ ከፊቱ አይሁን። አትቸኩዪ፣ ራሱ ይመጣል።»

መዳፎቿን ክብ አደረገች። ያን ጊዜ ገባት፤ አባቷ ያን ቀን ወደ ሣራ የዘረጋቸው እጆች እንዲህ ነበሩ። ሰዒድ ቂጡን ቀስ እያለ አነሳ። ውስጡ ሽርርር እያለ ወደ እሷ መጣ። ከአፉ ቀዝቃዛ አየር ወጣ፤ የረጠበ አፈርና የተጫረ ክብሪት ይሸታል። ለወር ያህል በሀና ማርያም ዝናብ አልጣለም።

መዳፎቿ ላይ አረፈ። ከባድ ነው፣ ሞቃት ነው። እጇ ወደ ታች ወረደ፣ ክርኗ ተጎተተ፣ ያዘችው።

«ምንም የለም እኮ» አለ ኤልያቄም። እውነቱን ነው። የሚታይ ምንም ነገር አልነበረም። ግን እህቱ ትከሻዋ ሲዘነብል አየና መንገድ ለቀቀላት።

ሰዒድ ምሰሶውን መሬት አድርጎ ወደ እሷ መጣ። ፊቱ በእንባ ርሷል። ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«አምጪው ልጄ» አለ።

ያኤል ቃሉ የማን እንደሆነ አወቀች። ሰዒድም ሲናገር ራሱ ያወቀ አይመስልም ነበር። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አይ ጋሽ ሰዒድ። እኔው አስቀምጠዋለሁ።»

ደረቷ ላይ አስጠግታው፣ እግሯን እየመረጠች፣ ወደ ዕቃ ቤቱ በር ሄደች። ግቢው ፀጥ አለ። ከማዶም ምንም አይሰማም ነበር። የአባቷ ጨርቆች ክምር ፊት ተንበረከከች፤ ከላይ አኖረችው። የተኛ ልጅ ሥር የገባ እጅ እንደሚወጣ፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ቆይታ ሌላውን፣ አወጣቻቸው። መዳፎቿ ቀልተዋል። አንድ ጨርቅ አንስታ አለበሰችው።

ሣራ ከእንቅልፏ ነቅታ አለቀሰች። ውብነሽ ሕፃኗን ይዛ ወደ ልጇ መጣች። ከሰላሳ ዓመት ግድም ትዳር የቀረላትን ልማድ ይዛ፣ ያኤል እንድታነሳት፣ ሕፃኗን አግዳሚው ላይ ልታስተኛት ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ አታስቀምጪያት» አለች ያኤል። ተንበርክካ እንዳለች ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «ከእጅሽ ስጪኝ።»

ውብነሽ አመነታች፤ ዓይኗ ወደ ዕቃ ቤቱ በር፣ ባሏ ይቆምበት ወደነበረው ቦታ ሄደ። ከዚያ ሰጠቻት፤ ያኤልም ተቀበለቻት።